አፍ የሌለው

ዓርብ ነው፤ ከቀትር አንድ ሰዓት አልፏል፣
የአፉላ ገበያ ለሰንበት ይጣደፋል።
የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ
ከሳሶን ሱቅ ገባሁ፣ ልቤን አንጠልጥዬ።
ኒታይ ዐሥራ ሦስት ሞላው፤
የኳሱን ጨዋታ ነው ነጋ ጠባ የሚለው።
ሳሶን መነጽሩን ግንባሩ ላይ መለሰ፣
ሳጥኑን አውጥቶ አቧራውን አበሰ።
«ስልሳ ነው፤ ላንተ ግን በአርባ ይሁን፣ በቃ።
ካልወደደው አምጣው፤ ይቀየራል ዕቃ።»

እኔ ክዳን ሠሪ ነኝ።
ሌሊቱን በሙሉ ከማሽን ፊት ቆሜ
የእርጎ፣ የሑሙስ ክዳን ነው ሕልሜ።
ግጣሙን ያላየሁትን ነገር
አላምንም። ይቅር።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሳጥኑን ከፈትኩት፣
ጠቅ አለ። ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩት።
ደህና ክዳን ነበር፣ ባለሙያ የሠራው።
ከውስጥ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽሑፍ አለው፦
«የማኦር ነው፤ መልሱልኝ»፣
ከሥሩ በሌላ እጅ «አሁን የሊአድ ነው»፣
ከዚያም አንድ ስም፣ ተሰርዞ የማይነበብ ነው።
ሦስት ልጆች ይዘውታል። አራተኛው የኔው።

ቤት ገባሁ። ኒታይ ዲስኩን አየ፣
እኔን አየኝ፣ ዲስኩን ደግሞ አየ።
«አባዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አፍ እኮ የለውም።»
እኅቱ ኦሽራት በዐሥር ክፍያ የገዛችው፣
በርካሽ ያገኘችው፣ ለካ ዲስክ አይጎርስም!
ገለበጥኩት፤ ጎኑን፣ ጀርባውን ዳሰስኩት፣
የበግ ጥርስ እንደሚያይ ገዢ መረመርኩት።
በአፉላ፣ አፍ የሌለው!

«ታዲያ በምን ይበላል?»
«ከላይ ነው አባዬ። ይወርዳል።»
«መና ነው እንዴ?»
ኦሽራት ሳቀች። ካርዷን አውጥታ ቁጥር ነካካች፣
«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኳት፤
ኒታይ አልገባውም። በዕብራይስጥ ሳስረዳው
ላሚቱ ሞተችብኝ።

«ለሊአድ ታውሰዋለህ?»
«አይቻልም።»
«ሲሰለችህ ትሸጠዋለህ?»
«አይቻልም።»
«ታዲያ ያንተ ነው?»
ዝም። ከዚያ፦ «ፈቃዱ ነው የኔ።»
ፈቃድ! እኔ ፈቃድ የማውቀው ከአለቃዬ፣
በዓመት ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ለምኜ፣ ታግዬ።

እሱ ግን ልጅ አይደለም፣ መልስ አያጣም፦
«ዲስክ ይጫራል አባዬ፤ ይሄ አይጫርም።
ሦስቴ ቤት ቀየርን፣ ሦስቴ ሳጥን ጠፋን፤
ይሄ የትም ብንሄድ ቀድሞ ነው የሚጠብቀን።»

እዚህ ላይ አፌ ተያዘ።
አባቴ ከአምቦበር በሌሊት ሲወጣ
ከብቶቹን በሙሉ በረት ጥሎ መጣ፤
የሰባት ላም ስም ግን በአፉ ይዞ ደረሰ፣
እስኪሞት ድረስ ሲጠራቸው ነበር፣ አንዲት አላነሰ።
አልጨለባቸውም፣ አልዳሰሳቸውም፣
ግን አልጠፉበትም።

ስልሳ አንድ ከመቶ ሲል ትርንጎ ገባች።
«ፀሐይ ልትጠልቅ ነው!» ገመዱን ነቀለች።
«ራሱ ይሠራል፤ እኛ አንነካውም!»
«አንተ አትነካውም፤ መብራቱ ግን የኔ ነው።»
ሰማዩ ያለውን ይዞ፣ ቀሪውን ሳይሰጠን
ሰንበት ገባብን።

እሑድ ጨዋታው ወረደ።
ኒታይ ኢላት ካለ ልጅ ጋር ሌሊቱን ሲጫወት አነጋ፤
እኔም ከፈረቃዬ ስመለስ አየሁት፣ ፊቱ በርቶ፣ ሲነጋ።
ዲስኩን ለሳሶን መልስ ብትለኝ ትርንጎ
ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቀረሁ።
አሁን በረንዳ ላይ በክር ተንጠልጥሏል፣
ርግብ ሊያርፍ ሲል ፀሐይ ይተፋበታል።
ሳጥኑ ግን እኔ ጋ ነው።
ከሊአድ ሥር «የኒታይ» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩበት።
እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ
ጠቅ አደርገዋለሁ።